ሻንጣው ሲመዘን ባለቤቱም ይመዘናል፦ ብዙ ጓዝ ይዞ በትንሽ አውሮፕላን ከቶራንስ መነሣት

ከአገሩ ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ 23 ኪሎ የሚለውን ቁጥር ማንም ሳያስጠናው ያውቀዋል። ሻንጣውን በሳሎኑ መካከል አቁሞ፣ በእጅ በሚንጠለጠል ሚዛን ደጋግሞ እየመዘነ፣ በርበሬውን ወደ አንዱ፣ ጫማውን ወደ ሌላው የሚያዛውርበት ሌሊት የጉዞው አካል ሆኗል። በትልልቅ አየር መንገዶች ዘንድ ይህ ቁጥር ከሁሉ በላይ የዋጋ፣ እንዲሁም ሻንጣውን በእጃቸው የሚያነሡ ሠራተኞች ወገብ ጉዳይ ነው። ሦስት መቶ ሰው የጫነ አውሮፕላን አንድ ሻንጣ ሁለት ኪሎ ስለ ጨመረ የሚለወጥ ነገር የለውም። ዘጠኝ ወንበር ባለው ትንሽ አውሮፕላን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከሻንጣው ጋር ባለቤቱም ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የተገኘው ቁጥርም አብራሪው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ አንዳንዴም ጨርሶ መነሣት ይቻል እንደሆነ ይወስናል።

ጥያቄው በሎስ አንጀለስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የቶራንስ ከተማ ይገኛል። በከተማዋ ዛምፔሪኒ ፊልድ የሚባል የሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ስሙን ያገኘው በቶራንስ ካደገው ከሉዊስ ዛምፔሪኒ ነው። ዛምፔሪኒ በ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ሮጦ ስምንተኛ የወጣ፣ በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓን እጅ ተማርኮ ከሞት የተረፈ ሰው ነው። የረጅም ርቀት ሩጫ ለሚወድ አንባቢ የማረፊያው ስም ብቻውን ታሪክ አለው። ትልቁ ማኮብኮቢያ 1,524 ሜትር ይረዝማል። ለትልልቅ ጄቶች የሚሆን አይደለም፤ በዚህ ጽሑፍ ለምናነሣው ዓይነት አውሮፕላን ግን ከበቂ በላይ ነው። በአካባቢው ነዋሪዎች የሚበዙ በመሆናቸው ከተማው የጩኸት ገደብ አስቀምጧል፤ ሌሊት መነሣትም አይፈቀድም።

እንዲህ ዓይነቱን በረራ ማን ይከራያል? አንድ የሙዚቃ ቡድን እናስብ፦ ክራር፣ መሲንቆ፣ ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ ድምፅ ማጉያና የድምፅ ማቀላቀያ ይዞ ቅዳሜ ሌላ ከተማ ለሚደረግ ሠርግ የሚሄድ። ወይም ሁለት መቶ እንጀራና የወጥ ድስቶች ጭኖ የሚጓዝ የምግብ አዘጋጅ፤ የአንድ እንጀራ ክብደት 350 ግራም ቢሆን እንጀራው ብቻውን 70 ኪሎ ይመዝናል። ወይም ደግሞ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወደምትገኘው ማሞዝ ሌክስ ለከፍታ ልምምድ የሚያመሩ ሯጮች። ከእነዚህ አብዛኞቹ በመኪና መሄድን ይመርጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። ነገር ግን ሰዓቱ ሲያጥር፣ ዕቃው ሲገዝፍና ሰዉ ስድስት ሰባት ሲሆን፣ ትንሽ ተርቦፕሮፕ አውሮፕላን መከራየት ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሴስና ካራቫን ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1982 ሲሆን፣ ቀደምት ከሆኑ ትልልቅ ደንበኞቹ አንዱ የጥቅል ማመላለሻው ድርጅት ፌዴክስ ነበር። ይህ በቅርጹ ላይ ይታያል። ክንፉ ከላይ ነው፤ እግሩ አይታጠፍም፤ ጎኑ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ ነው። ረዘም ባለው ግራንድ ካራቫን በግራ በኩል ያለው የዕቃ በር 1.24 ሜትር ስፋትና 1.27 ሜትር ቁመት አለው። ብዙ ውድ የግል ጄቶች ምቾት ቢኖራቸውም ከበሮ ወይም ትልቅ ድምፅ ማጉያ በበራቸው አይገባም፤ ካራቫን ግን ያስገባዋል። ከሆዱ ሥርም 3.16 ሜትር ኩብ የሚይዝ የዕቃ ሣጥን ሊገጠምለት ይችላል። ሣጥኑ ረጅም ቢሆንም ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለሻንጣ እንጂ ለቆመ ዕቃ አይሆንም። ከክብደትም አንፃር ከ494 ኪሎ በላይ አይሸከምም።

በአፍንጫው ውስጥ ያለው ሞተር ፒቲ6 ይባላል። የካናዳው ፕራት ኤንድ ዊትኒ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ሲሆን እስካሁን ከ50,000 በላይ ተመርቷል። አሠራሩ ለማየት ለመጣ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፤ አየሩ የሚገባው ከሞተሩ ኋላ ነው፣ ወደ ፊት እየተጨመቀ ይሄዳል፣ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል፣ የተቃጠለውም ጋዝ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ይወጣል። በካራቫን አፍንጫ በቀኝ በኩል የሚታየው ወፍራም የጭስ ማውጫ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላው ብልሃት ደግሞ አየሩን የሚጨምቀው ክፍልና ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ተርባይን በአንድ ዘንግ ያልተያያዙ መሆናቸው ነው። ሁለት የቤት ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አቁሞ አንዱን ብቻ ቢያበሩት፣ ያልበራው በነፋሱ ኃይል መዞር ይጀምራል፤ በፒቲ6 ውስጥም ጋዙ በሁለቱ መካከል ያለው ብቸኛ አገናኝ ነው። ሞተሩ በቀላሉ የሚነሣውና ለዓመታት ጠንካራ የሆነው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው።

አንድ ሞተር ብቻ መሆኑ የሚያሳስበው ተሳፋሪ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች መንገደኛ በክፍያ ይዘው በደመና ውስጥ በመሣሪያ እየተመሩ እንዲበሩ የተፈቀደው በ1997 ነው፤ ፈቃዱም የተሰጠው የተርባይን ሞተሮች አስተማማኝነት ከታየ በኋላ ነው። ካራቫን ለማረፍ ሲዘጋጅ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ክንፉ ይሸከመዋል፤ ሞተሩ ቢጠፋ አብራሪው ሜዳ ፈልጎ እንዲያርፍ ዕድል የሚሰጠው ይህ ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ያም ሆኖ ሌሊት በተራራ ላይ መብረር ካለ ሁለት ሞተር መጠየቅ ነውር አይደለም። ከ1965 ጀምሮ የሚበረው ትዊን ኦተር ሁለት ፒቲ6 ሞተሮች አሉት።

ሰውንና ጓዝን አንድ ላይ ማብረር ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ሲያደርግ ያሰለፋቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ነበሩ። በዚያን ዘመን ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጉ ታጣፊ የሸራ መቀመጫዎች ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ጭነቱም በመካከላቸው ወለሉ ላይ ይታሰር ነበር። አየር መንገዱ በኋላ ትዊን ኦተርም አብርሯል። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚገኘው አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎት በካራቫን የኪራይ በረራ ያካሂዳል። ቶራንስ ላይ ቆሞ ካራቫን የሚከራይ ሰው እንግዲህ አያቶቹ ከዕቃቸው ጎን ተቀምጠው የሄዱበትን አሠራር፣ ይበልጥ ምቹ ሆኖ፣ መልሶ ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የኪራይ ማስታወቂያዎች «ዘጠኝ መንገደኛ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቶን ተኩል ጭነት» ዓይነት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ብቻውን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ በአንድ በረራ ላይ ግን አይገናኙም።

ኃይሉ የጨመረውን ግራንድ ካራቫን ኢኤክስ የተባለውን እንውሰድ። ሞተሩ 867 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲነሣ ሊመዝን የሚችለው ቢበዛ 3,995 ኪሎ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ባዶውን፣ እንደ ወንበሩና እንደ ተገጠመለት መሣሪያ፣ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል እንበል። የሚቀረው 1,600 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት አብራሪዎች 180 ኪሎ ቢወስዱ 1,420 ይቀራል። ነዳጁ እስከ አፉ ቢሞላ 1,000 ኪሎ ይሆናል፤ የተረፈው 420 ኪሎ ነው። አራት ሰው በ85 ኪሎ 340 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሻንጣ የሚደርሰው 20 ኪሎ ብቻ። ዘጠኝ ወንበር አለው በተባለ አውሮፕላን ውስጥ አምስቱ ባዶ ሆነው ይሄዳሉ ማለት ነው።

መፍትሔው ነዳጁን ለመንገዱ መመጠን ነው። ከቶራንስ እስከ ማሞዝ ሌክስ በቀጥታ 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካራቫን ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ጉዞ። መጠባበቂያውን ጨምሮ 450 ኪሎ ነዳጅ ቢቀዳ ለሰውና ለዕቃ 970 ኪሎ ይተርፋል። ስምንት ሰው 680 ኪሎ ቢሆን ለጓዝ 290 ኪሎ ይቀራል። የሙዚቃ ቡድኑ መሣሪያዎችና ማጉያዎች 200 ኪሎ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ሻንጣ የሚቀረው 11 ኪሎ ነው። ከዚህ በላይ ከተፈለገ አንድ ሰው በመኪና ይሂድ፣ ወይም በመንገድ ነዳጅ ለመቅዳት ይታረፍ፣ ወይም ማጉያው እዚያው ይከራይ። አራተኛ መንገድ የለም። እዚህ የተጠቀሱት ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ የእያንዳንዱ አውሮፕላን ባዶ ክብደት በራሱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል፣ ተከራይም ሊጠይቀው ይችላል።

ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳ ቦታው ልክ ላይሆን ይችላል። አህያ ወይም በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቃል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከሸሸ እንስሳዋ መሄድ ያቅታታል። አውሮፕላንም የስበት ማዕከሉ በጠባብ ገደብ ውስጥ መሆን አለበት። ዕቃው ሁሉ በጅራቱ በኩል ቢከማች አፍንጫው ወደ ላይ ይቃጣል፤ ጅራቱ ላይ ያለው ትንሹ ክንፍ መልሶ ሊያወርደው የሚችለው እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ፍጥነት ይጠፋል፣ ክንፉ መሸከሙን ያቆማል፣ መሬትም ቅርብ ነው። ስለዚህ «ማጉያውን ከኋላ አስቀምጡት፣ እኛ ከፊት እንቀመጣለን» የሚለው የሚኒባስ ልማድ እዚህ አይሠራም። አብራሪው ወፍራሙን ሰውዬ ከፊት ወንበር ሲያስቀምጥ ንቀት አይደለም።

ይህ ሒሳብ ሲጣስ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት አደጋዎች አሉ። ሁለቱም የጓዝ ታሪኮች ናቸው።

ጥር 17 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. አንድ ካራቫን በካናዳ ኤሪ ሐይቅ ላይ ከምትገኘው ፔሊ ደሴት ተነሣ። ተሳፋሪዎቹ በአብዛኛው ከአደን የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ የክረምት ልብስ፣ ጠመንጃና የአደን ዕቃ ይዘዋል። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ብዙም ሳይርቅ በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ወደቀ፤ የተሳፈሩት አሥር ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ በአውሮፕላኑ ላይ በረዶ ተጋግሮ እንደነበረ፣ ክብደቱም ከተፈቀደው ቢያንስ በ15 በመቶ ይበልጥ እንደነበር ደረሰበት። በካራቫን ሚዛን ይህ ወደ 600 ኪሎ ይጠጋል፤ ሰባት ሰው በትርፍ እንደ መጫን ነው። ቦርዱ ከዚያ በኋላ ያቀረበው ምክር ቀላል ነው፦ ዘጠኝና ከዚያ በታች መንገደኛ በሚይዙ የንግድ አውሮፕላኖች ላይ የእያንዳንዱ ሰው እውነተኛ ክብደት ይወሰድ እንጂ በአማካይ አይገመት። ምክንያቱ የስታቲስቲክስ ነው። ሦስት መቶ ሰው ባለበት ከባዱና ቀላሉ ይካካሳሉ። ስምንት ጎልማሳ ወንዶች ከባድ ካፖርት ለብሰው በአንድ ላይ ሲሳፈሩ ግን አማካዩ የማንንም እውነት አይናገርም።

ሁለተኛው በሎስ አንጀለስ የሙዚቃ ዓለም ውስጥ ላሉ ሰዎች የታወቀ ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ዘፋኟ አሊያ በባሃማስ የቪዲዮ ቀረጻዋን ጨርሳ ከባልደረቦቿና ከቀረጻ ዕቃዎች ጋር በአንዲት ትንሽ ሴስና 402 ተሳፈረች። ይህች ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር እንጂ ተርቦፕሮፕ አይደለችም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። አውሮፕላኗ ከተነሣች በኋላ ወዲያው ወደቀች፤ ዘጠኙም ሞቱ። ክብደቱ ከተፈቀደው በብዙ መቶ ፓውንድ አልፎ ነበር፤ የስበት ማዕከሉም ከኋለኛው ገደብ ወጥቶ ነበር። አብራሪው ለዚያ ድርጅት እንዲበር በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ዘንድ አልተመዘገበም ነበር። እዚህ ላይ የክብደትና የፈቃድ ጉዳይ አንድ ይሆናሉ፤ ሕጋዊ ድርጅት «ይህን ዕቃ አልጭንም» ለማለት የሚያስችለው የተጻፈ ደንብና የሚጠይቀው አካል አለው፣ ተገን የሌለው ብቸኛ አብራሪ ግን ደንበኛ ሲገፋው ይሸነፋል።

በአሜሪካ መንገደኛ በኪራይ የሚያበር ድርጅት «ክፍል 135» በሚባለው ደንብ መሠረት የአየር አጓጓዥነት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። አብራሪው የንግድ ፈቃድ ስላለው ብቻ አይበቃም። የግል ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር ወጪ ሊጋራ የሚችለው የራሱን ድርሻ ከፍሎ ብቻ ነው። «የምናውቀው ልጅ አውሮፕላን አለው፣ ነዳጁን ብቻ ሸፍኑለት» የሚለው አነጋገር በማኅበረሰባችን ዘንድ ደግነት ቢመስልም፣ በሕጉ ፊት ሌላ ስም አለው፤ አደጋ ሲደርስም ኢንሹራንሱ የማይከፍልበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደላላ በመካከል ካለም አውሮፕላኑን በእርግጥ የሚያበረው ድርጅት ማን እንደሆነ የመግለጽ ግዴታ ከ2019 ጀምሮ አለበት። የድርጅቱን ስምና የአውሮፕላኑን የጅራት ቁጥር ጠይቆ ከአቪዬሽን አስተዳደሩ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል። የሚከፈለው ለአውሮፕላኑ ሰዓት እንጂ ለወንበር አይደለም፤ አውሮፕላኑ መኖሪያው ቫን ናይስ ከሆነ ባዶውን ወደ ቶራንስ የሚመጣበትም ሰዓት ይቆጠራል። ሠርጉ እኩለ ሌሊት ቢያልፍ አብራሪዎቹ በሕግ የተወሰነ የዕረፍት ሰዓት ስላላቸው ጠዋት እንጂ ሌሊት አይመልሱም። በሁሉም ላይ 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይታከላል።

ወደ ማሞዝ ሌክስ የሚሄዱት ሯጮች ግን ተጨማሪ የሚያስቡት ነገር አለ። ቶራንስ ከባሕር ጠለል 31 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ የማሞዝ ማረፊያ 2,175 ሜትር ላይ ነው። ሯጮቹን እዚያ የሚወስዳቸው ስስ አየር፣ አውሮፕላኑን ሲመለስ የሚያስቸግረው ራሱ ነው። የሙቀት መጠኑ 28 ዲግሪ በሆነ የበጋ ቀን በዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር በ27 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከመሬት አንፃር 17 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ርቀት፣ ፕሮፔለሩ የሚያጣው ግፊት ሳይቆጠር እንኳ፣ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። አዲስ አበባም በ2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አብራሪዎቿ ይህን በየዕለቱ ይኖሩበታል። እንግዲህ ከቶራንስ ጠዋት በቀላሉ የተነሣ ጭነት ከሰዓት በኋላ ከማሞዝ ላይነሣ ይችላል። ልምድ ያለው አብራሪ መልሱን በማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ እንዲሆን ቢጠይቅ ምክንያቱ ይህ ነው። በተጨማሪም የካራቫን ክፍል እንደ ጄት አየሩ የታመቀ ስላልሆነ፣ በተራሮቹ ላይ ሲያልፍ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው የውጭውን ስስ አየር ነው፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር፣ ወይም ክፍሉ የታመቀውን ፒላተስ ፒሲ-12 ቢመርጥ ይሻለዋል። የዚህኛው የዕቃ በር እንዲያውም ከካራቫን በጥቂቱ ይሰፋል፤ ኪራዩ ግን ይወደዳል።

ከመጫን በፊት የቀረው የዕቃው ዓይነት ነው። የገመድ አልባ ማይክሮፎንና የካሜራ ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎች ከሆዱ ሥር ወዳለው ሣጥን መግባት የለባቸውም፤ እሳት ቢነሣ በአየር ላይ ማንም ሊደርስበት አይችልም፣ ከሰዎች ጋር በእጅ ሻንጣ ግን ጭሱ ይታያል። ለቡና ማፍያ የሚወሰደው የቡታ ጋዝ ቆርቆሮ ጨርሶ አይፈቀድም። ጀበናውና ስኒዎቹ ችግር የለባቸውም፤ ማጉያው ግን የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን ወለሉ ላይ ባሉት ቀለበቶች በማሰሪያና በመረብ ካልታሰረ፣ አውሮፕላኑ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ አብራሪዎቹ ጀርባ የሚሄደው እርሱ ነው። የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነክብደታቸውና ከነርዝመታቸው፣ የተሳፋሪዎቹንም ክብደት ከነጫማና ከነካፖርታቸው፣ ከበረራው ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ ለድርጅቱ መላክ ይገባል። ክብደታቸውን በሰው ፊት መናገር የሚከብዳቸው ካሉ ቁጥሩን ለየብቻ ለአብራሪው ሊልኩ ይችላሉ፤ እርሱ የሚፈልገው ስም ሳይሆን ኪሎውንና ወንበሩን ነው።